የማክሰኞ ማታው ክለብ፦ አንድ የለንደን ስብሰባ ለፕሮጀክት ማናጀሮች ምን አተረፈ?

ፕሮጀክት ማናጀር አለቃውን «ሐሙስ ማታ የሙያ ስብሰባ ስላለ ቀደም ብዬ ልውጣ» ብሎ ሲጠይቅ «ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» መባሉ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ብዙ ጊዜ አያጠግብም። አንዱ «ኔትወርኪንግ» ይላል። ሌላው ሰርተፊኬት ያነሳል። ፒኤምአይ የሚባለው ዓለም አቀፍ የፕሮጀክት ማናጀሮች ማኅበር የሚሰጠው ፒኤምፒ የተባለ ማረጋገጫ ያለው ደግሞ ፒዲዩ፣ ማለትም የሙያ ማሻሻያ ሰዓት፣ ይቆጥራል። ማረጋገጫው እንዳይሰረዝበት በየሦስት ዓመቱ 60 ፒዲዩ ማሟላት አለበት፣ በማኅበሩ የአካባቢ ቅርንጫፍ (ቻፕተር) ስብሰባ ላይ የሚቀመጠው ሰዓትም ይያዝለታል። ሰዓት መቁጠር ግን ምን ይዞ እንደተመለሰ አይነግረንም።

ስለዚህ በጥቅሉ ከማውራት አንድ ጉዳይ መዝዞ በደንብ ማየት ይሻላል። እኔ የመረጥኩት ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለንደን ውስጥ ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ ይሰበሰብ የነበረውን የሶፍትዌር ባለሙያዎች ስብስብ፣ ኤክስትሪም ቱስዴይ ክለብን ነው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የእኛን እጠቀማለሁ፣ እዚያው እናገራለሁ።) የመረጥኩበት ምክንያት ቀላል ነው። የሙያ ስብሰባ ፍሬ አብዛኛውን ጊዜ በሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ቀርቶ ይጠፋል። የዚህ ክለብና በዙሪያው የነበሩ ሰዎች ሥራ ግን በስምና በዓመት ሊጠቀስ ይችላል። ከሥራው የተወሰነው ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ሶፍትዌር የሚያሠራ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አለ። ባለቤቱ አያውቀውም እንጂ።

ነገሩ የተጀመረበት ጊዜ

በ1990ዎቹ የሶፍትዌር ፕሮጀክት ማለት በአመዛኙ ወፍራም ሰነድ ነበር። መጀመሪያ ፍላጎት ይጻፋል፣ ይፈረማል፣ ከዚያ ለወራት ይሠራል። በመጨረሻ ደንበኛው ሲያየው «እኔ ያልኩት ይሄን አይደለም» ይላል። እዚህ አገር ይህን ያላየ ፕሮጀክት ማናጀር ያለ አይመስለኝም።

አሜሪካ ውስጥ ኬንት ቤክ የሚባል ፕሮግራመር በክራይስለር የመኪና ኩባንያ የደመወዝ ሥርዓት ፕሮጀክት ላይ ሌላ አካሄድ ሞከረ። ሥራው በአጫጭር ዙር ይሠራል። ፍላጎት በትናንሽ ካርዶች ላይ ይጻፋል። ኮዱ ከመጻፉ በፊት መፈተሻው ይጻፋል። ደንበኛው ከሠሪዎቹ ጋር አብሮ ይቀመጣል። አካሄዱንም ኤክስትሪም ፕሮግራሚንግ (በአጭሩ ኤክስፒ) ብሎ ጠራው። በ1999 በመጽሐፍ አወጣው፣ ወሬውም በፍጥነት ተሰራጨ።

ለንደን ያሉ ባለሙያዎችም አነበቡት። ችግሩ የሚጀምረው ግን ሰኞ ጠዋት ነው። መጽሐፉ የመጣው ከአንድ የአሜሪካ ኩባንያ ልምድ ነው። ለንደን ደግሞ የባንኮችና ገና የተቋቋሙ የኢንተርኔት ኩባንያዎች ከተማ ናት። ደንበኛው ሌላ ነው፣ ውሉ ሌላ ነው፣ አለቃውም ሌላ ነው። ይባስ ብሎ የክራይስለሩ ፕሮጀክት ራሱ በ2000 ተቋረጠ። ሐሳቡን ወደው ሥራ ላይ ለማዋል ለሚፈልጉ ሰዎች «እዚህ፣ በእኛ ሁኔታ እንዴት ይሆናል?» የሚለውን የሚመልስ መጽሐፍ አልነበረም። ሊኖርም አይችልም።

ክለቡ የመጣው እዚህ ክፍተት ላይ ነው። ከጀማሪዎቹ መካከል ቲም ማኪነንና ስቲቭ ፍሪማን ይገኙበታል። አሠራሩ ልል ነበር። ማክሰኞ ማታ፣ ከሥራ በኋላ፣ ፐብ ውስጥ። የመጣው ተቀምጦ ያወራል። መድረክና የክብር እንግዳ የለም። ከተለያየ መሥሪያ ቤት የመጡ ሰዎች በዚያ ሳምንት የገጠማቸውን ያወራሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንትም ይመለሳሉ።

የመጀመሪያው ፍሬ፦ ሌላውን ሳይጠብቁ መፈተሽ

ኮኔክስትራ የሚባል አንድ አነስተኛ የለንደን ኩባንያ ነበር። የቴክኖሎጂ ኃላፊው ጆን ኖላን ለፕሮግራመሮቹ አንድ ከባድ የቤት ሥራ ሰጠ። ነገሩ ቴክኒካዊ ነው፣ ፍሬው ግን እንዲህ ነው፦ አንዱ የኮድ ክፍል የሌላውን የውስጥ መረጃ እየጎረጎረ ሳያወጣ ፕሮግራም ጻፉ። ይህን ሲሞክሩ «ታዲያ ኮዱ ልክ መሥራቱን በምን እናውቃለን?» የሚል ጥያቄ መጣ። መልሱም የእውነተኛውን ጎረቤት ክፍል ቦታ የሚይዝ ተወካይ አቁሞ ኮዱ በትክክል እንዳነጋገረው ማየት ሆነ። ይህን ተወካይ ሞክ ኦብጀክት አሉት።

ሐሳቡ ኮኔክስትራ ግድግዳ ውስጥ አልቀረም። በለንደኑ የባለሙያዎች ስብስብና በማክሰኞው ክለብ ተወራ፣ ተተቸ፣ ሌሎችም ሞከሩት። ማኪነን፣ ፍሪማንና ፊሊፕ ክሬግ ጽሑፍ አድርገው በ2000 ሰርዲኒያ ደሴት ላይ በተካሄደው ኤክስፒ 2000 ጉባኤ አቀረቡት። ዛሬ በየትኛውም የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የሚሠራ ሰው የሚያውቀው ተራ መሣሪያ ነው።

ይህ ለፕሮጀክት ማናጀር ምኑ ነው? አዲስ አበባ ውስጥ ከባንክ ወይም ከቴሌኮም ሲስተም ጋር የሚገናኝ ፕሮጀክት የመራ ሰው ወዲያው ይገባዋል። «የእነሱ በኩል ስላልደረሰ መፈተሽ አልቻልንም» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ስንት ሳምንት እንደምትበላ ያውቃል። የራስህን ክፍል ሌላውን ሳትጠብቅ መፈተሽ ከቻልክ ያ ጥበቃ ከሥራ ዕቅድህ ላይ በከፊል ይነሳል። ፕሮግራመር ያልሆነ ማናጀር ይህ አማራጭ መኖሩን የሚሰማው ፕሮግራመሮች በነፃነት በሚያወሩበት ቦታ ከተገኘ ነው። የሳምንቱ ሪፖርት ላይ ማንም አይጽፍለትም።

ካርዷ

ለእኔ ከሁሉም የምትበልጠው ይቺኛዋ ናት። ትንሽ ናት፣ ግን በደንብ መታየት አለባት።

በኤክስትሪም ፕሮግራሚንግ ፍላጎት በካርድ ላይ ይጻፋል ብያለሁ። መጀመሪያ ላይ ካርዱ ላይ የሚሰፍረው ጥቂት ቃል ነበር። ለምሳሌ «ሪፖርት ወደ ኤክሴል ይውጣ»። ካርዱ ዝርዝሩን እንዲይዝ አልተፈለገም። ከባለጉዳዩ ጋር ቁጭ ብሎ ለመነጋገር ቃል መግቢያ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን ካርዱ ተራው ደርሶ ሲነሳ ሳምንታት አልፈዋል። ማን ነበር የጠየቀው? ለምን ፈልጎት ነበር? ከማን ጋር ነው ቁጭ የሚባለው?

በ2001 ኮኔክስትራ ካርዱ ላይ ሦስት ክፍት ቦታ አደረገ። እንደ ማን፣ ምን እፈልጋለሁ፣ ለምን። በቃ ይኸው ነው። በእኛ አገር ሥራ እንየው፦

«እንደ ቅርንጫፍ ገንዘብ ያዥ፣ የዕለቱን ገቢ በኤክሴል ማውጣት እፈልጋለሁ፣ ማታ ሒሳብ ስዘጋ በእጄ እንዳልደምር።»

ሦስተኛውን ክፍል ተመልከቱት። ገንዘብ ያዧ የቸገራት ነገር በእጅ መደመር ነው። ኤክሴሉ እሷ የገመተችው መፍትሔ ነው። እንዲህ ከሆነ ስክሪኑ ግርጌ ላይ ድምሩን ማሳየት ይበቃል። የሦስት ቀን ሥራ የግማሽ ቀን ሥራ ሆነ ማለት ነው፣ እሷም የበለጠ ትደሰታለች። «ሪፖርት ወደ ኤክሴል ይውጣ» የሚለው ካርድ ግን እንዳለ ይሠራ ነበር፣ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም ነበር።

ሬቸል ዴቪስ የኮኔክስትራ ባልደረባ ነበረች። ይህ አጻጻፍ ከኩባንያው ወጥቶ ሌሎች ጋር እንዲደርስ ካደረጉት ሰዎች አንዷ ናት። በ2004 ደግሞ አሜሪካዊው ማይክ ኮን በመጽሐፉ ለሰፊው ሕዝብ አስተዋወቀው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዛሬ ጂራ የሚባለውን የሥራ መከታተያ ሶፍትዌር ከፍቶ «ዩዘር ስቶሪ» (የተጠቃሚ ፍላጎት ካርድ) የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ ቅርጽ ነው የሚሞላው። የጨረታ ሰነዶች ላይም እየገባ ነው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ይነሳ። ኮኔክስትራ ሠራተኞቹ በራሳቸው ሐሳብ ላይ የሚሠሩበት ቀን ይሰጥ ነበር፤ በወርቃማ ካርድ ይጠየቅ ስለነበር ጎልድ ካርድ ይሉት ነበር። ያንንም በ2001 ጽሑፍ አድርገው አቅርበውታል። ማለትም ሠራተኛው ማክሰኞ ማታ የሰማውን ይዞ ሲመጣ ቢሮው ውስጥ የሚሞክርበት ጊዜ ነበረው። ይህ ባይኖር ክለቡ የወሬ ቤት ሆኖ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ። ስብሰባ ላይ ሰምቶ መምጣት ብቻውን ምንም አይለውጥም። ረቡዕ ጠዋት መሞከሪያ ቦታ ያስፈልጋል። ሠራተኛውን ወደ ሙያ ስብሰባ ልኮ ሲመለስ «አሁን ወደ ሥራህ» የሚል አለቃ ገንዘቡን እየጣለ ነው።

ኤቲኤሙ

ዳን ኖርዝ እዚያው ለንደን ውስጥ ቶትወርክስ በተባለ ኩባንያ ይሠራ ነበር። ፕሮግራመሮችን ያስተምራል። ተማሪዎቹ ደጋግመው ከየት እንጀምር፣ ምን እንፈትሽ፣ ስሙን ምን እንበለው ይሉታል። ኖርዝ «ፈተና» የሚለውን ትቶ ሲስተሙ ምን ዓይነት ጠባይ ያሳያል ብሎ መጠየቅ ጀመረ። በ2004 መጨረሻ አካባቢ ይህን ለክሪስ ማትስ ሲያብራራለት ማትስ ነገሩን ከራሱ ሙያ አንጻር አየው። ማትስ የቢዝነስ አናሊስት ነው። ይህማ እኛ ፍላጎት ስንተነትን የምንሠራው ነው አለው። ሁለቱ ተቀምጠው የኮኔክስትራን ካርድ መነሻ አደረጉና ሌላ ሦስት መስመር ጨመሩበት። ሁኔታው ይህ ሆኖ፣ ይህ ሲደረግ፣ ይህ ይሆናል።

ኖርዝ ነገሩን ያስረዳበት ምሳሌ ኤቲኤም ነው። ደንበኛው ከማሽኑ ገንዘብ ማውጣት ይፈልጋል፣ ባንክ ቤት እንዳይሰለፍ። ይህ የፍላጎት ካርዱ ነው። ቀጥሎ ሁኔታዎቹ ይመጣሉ። ሒሳቡ ላይ ገንዘብ ካለ፣ የባንክ ካርዱ የሚሠራ ከሆነና ማሽኑ ውስጥ ብር ካለ፣ ደንበኛው ሲጠይቅ፣ ከሒሳቡ ይቀነሳል፣ ብሩ ይወጣል፣ ካርዱም ይመለሳል። ሒሳቡ ላይ በቂ ገንዘብ ከሌለስ? መልእክት ይታያል፣ ብር አይወጣም፣ ካርዱ ግን ይመለሳል።

ያቺ የመጨረሻዋ «ካርዱ ይመለሳል» ናት ርክክብ ላይ የምታጣላው። ማንም አስቀድሞ ስላልጻፋት። ኮንትራክተሩ «ተሠርቷል» ይላል፣ ደንበኛው «ጎድሏል» ይላል፣ ማናጀሩ መሐል ቆሞ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ያገላብጣል። ይህ አጻጻፍ «አልቋል» የሚለውን ቃል ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሁለቱም ወገን ተስማምተው እንዲፈቱት ያደርጋል። ሶፍትዌር ላይ ብቻ አይደለም። የውኃ ፓምፕ ርክክብ ላይም ይሠራል፦ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ ሲነሳ ፓምፑ በራሱ ይነሳል ወይስ ሰው ይጠብቃል?

በ2008 ኪዩከምበር የሚባል መሣሪያ መጣ፣ እነዚህን መስመሮች ኮምፒውተሩ ራሱ አንብቦ እንዲፈትሽ አደረገ። ከ70 በላይ ቋንቋዎች ይቀበላል፣ አማርኛም አለበት።

ማትስና ኖርዝ የተነጋገሩት ማክሰኞ ማታ ፐብ ውስጥ ነው አላልኩም። ማለት የምፈልገው አንድ አናሊስትና አንድ ፕሮግራመር እንዲህ ቀለል ባለ መንገድ የሚነጋገሩባት ከተማ ነበረች፣ ያቺን ከተማ እንዲያ ካደረጓት ነገሮች አንዱም የማክሰኞው ክለብ ነው። በአብዛኞቹ መሥሪያ ቤቶች አናሊስትና ፕሮግራመር የሚገናኙት በሰነድ ነው።

ምን ሠራ?

ብልህ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ቦታ ሞልቷል። ታዲያ የዚህ ልዩ ምንድን ነው?

መጀመሪያ የማስቀምጠው መመላለሱን ነው። ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የሰማኸውን ሞክረህ ቢበላሽብህ ለማን ትነግራለህ? ተናጋሪው አገሩ ገብቷል። ማክሰኞ የሰማኸውን ግን ረቡዕ ሞክረህ በሚቀጥለው ማክሰኞ «ያልከኝ አልሠራም» ትለዋለህ። እሱም ለምን እንዳልሠራ መልስ መስጠት ይኖርበታል። ሐሳብ የሚበስለው በዚህ ምልልስ ነው። ከእቁብ ጋር ይመሳሰላል፦ ዕጣው የደረሰው ሳምንት ብቻ ብቅ ከሚል ሰው ጋር እቁብ አይጣልም። ክለቡ ከአሥር ዓመት በላይ የቆየውም ሳይሰለቹ የሚመጡ ሰዎች ስለነበሩት ነው።

ሁለተኛው ለፕሮጀክት ማናጀር ከምንም በላይ ይመዝናል። መሥሪያ ቤት ውስጥ የምንጽፈው ሪፖርት የሚደርሰው ለሚገመግመን ሰው ነው። ስለዚህ እውነቱ ተጠቅልሎ ነው የሚሄደው። «መጠነኛ መዘግየት ታይቷል» እንላለን። ከሌላ ድርጅት የመጣ የሙያ ባልደረባ ፊት ግን «ሦስት ወር ዘግይተናል፣ ለክላየንቱ እስካሁን አልነገርኩም፣ እንዴት ልበለው?» ማለት ይቻላል። ሰውየው አለቃህ አይደለም፣ እድገትህን አይወስንም። ምናልባት እሱም ባለፈው ዓመት እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ነበር። ይህን ምክር የሚሰጥ ኮርስ የለም። ቴሌግራም ግሩፕም አይሆንም፤ ስክሪንሻት በሚነሳበት ቦታ ማንም እንዲህ አይልም።

ሌላው ጊዜው ነው። በመጋቢት 2000 የአሜሪካ የቴክኖሎጂ አክሲዮን ገበያ ጫፍ ላይ ደርሶ መውደቅ ጀመረ። በየቦታው የኢንተርኔት ኩባንያዎች ተዘጉ፣ ሰው ከሥራ ወደ ሥራ ተዘዋወረ። እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ ድርጅት ያጠራቀመው ልምድ ከድርጅቱ ጋር ይጠፋል። በየሳምንቱ የሚገናኙ ሰዎች ካሉ ግን ልምዱ ቀጣሪው ቢቀየርም አብሯቸው ይቆያል። በ2001 የክለቡ ሰዎች ኤክስፒ ዴይ የሚባል ጉባኤ ለንደን ላይ ጀመሩ። በትንሿ ጠረጴዛ የተፈተነው ሐሳብ ወደ ትልቁ አዳራሽ የሚወጣበት መንገድ ሆነ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ ጠረጴዛዋ ቀድማለች።

ያልሠራው

ሁሉን ነገር ለክለቡ መስጠት ልክ አይደለም። የኬንት ቤክ ሐሳብ ባይኖር የሚወራ አይኖርም። ጎልድ ካርድ የሚሰጥ ቀጣሪ ባይኖር የሚሞከርበት አይኖርም። ለንደን ራሷ የባለሙያ ክምችት ያላት ከተማ ናት። በርካታ ማክሰኞዎች ምንም ሳይፈይዱ እንዳለፉም አልጠራጠርም፤ እንዲህ ያለ ስብስብ ጠባዩ ነው። የሚመጣው ሰው ለሐሳቡ የቀና ስለሆነም «ይህ ነገር አይሠራም» የሚል ጠንካራ ተቃዋሚ ሊጎድል ይችላል።

ቦታውም ችግር አለበት። ፐብ የማይጠጣ ሰውን ያርቃል። ማታ ልጅ የሚጠብቀውን፣ በተለይ እናቶችን፣ ያስቀራል። ሙያው ራሱ የወንዶች ሠፈር ሆኖ በኖረበት ሁኔታ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እኛ ጋ የሚቋቋም ካለ ይህን መኮረጅ የለበትም። ቅዳሜ ጠዋት ሻይ ቡና ባለበት ቦታ ማድረግ ይቻላል።

ወደ እኛ ስንመጣ

አዲስ አበባ ውስጥ ስብሰባ አልጠፋም። ሆቴል አዳራሽ፣ ትልቅ ባነር፣ የመክፈቻ ንግግር፣ ከዚያ ስልሳ ስላይድ፣ ሻይ ቡና፣ የቡድን ፎቶ፣ አበል። ጥያቄ የሚጠየቀው የመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ውስጥ ነው፣ ያኔም ሰዓት አልቋል ይባላል። ብዙ ሰው ሲጠራ መጀመሪያ የሚጠይቀው «አበል አለው?» ብሎ ነው። በሰዎቹ አልፈርድም፣ ኑሮው ነው። ግን አበል የሚሰበስበው ሰው አበሉ ሲቀር ይበተናል። የለንደኑን ያቆየው በራሱ ጊዜና በራሱ ሒሳብ የመጣ ሰው መሆኑ ነው።

የከተማችን ፕሮጀክት ማናጀር ከሌላ ከተማ ኮርስ የማያገኘው እውቀት ብዙ ነው። አንዱን ብቻ ላንሳ። ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ሳምንት ትራንስፎርመር፣ ሰርቨር፣ ሊፍት፣ የሕክምና መሣሪያ ከውጭ የሚጠብቅ ፕሮጀክት ሁሉ በጀቱ ተናጋ። ሁሉም ማናጀር አንድ ዓይነት ጥያቄ ነበረው። ውሉ ላይ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ አለ ወይ? ካለ በየትኛው ቀን ተመን ይሰላል? ከሌለስ ደብዳቤው እንዴት ይጻፋል? ከሥራው ምን ቢቀነስ ይሻላል? እያንዳንዱ ለብቻው በየቢሮው ተቀምጦ ጭንቅላቱን ያዘ። ሃያ ማናጀሮች አንድ ጠረጴዛ ከበው ቢሆን ኖሮ አንዱ ተቀባይነት ያገኘ ደብዳቤውን፣ ሌላው ውድቅ የተደረገበትን ምክንያት ያመጣ ነበር። ይህን ዓለም አቀፍ አሠልጣኝ ሊነግረን አይችልም። ወረዳውን፣ ባንኩን፣ ጉምሩኩን የሚያውቀው አጠገባችን ያለው ሰው ነው።

ቦታ ችግር አይመስለኝም። አይስአዲስ የሚባለው የቴክኖሎጂ ማዕከል ከ2011 ጀምሮ የቴክኖሎጂ ሰዎችን ሲያሰባስብ ኖሯል። ዩኒቨርሲቲዎች ከሥራ ሰዓት በኋላ ባዶ ክፍል አላቸው። የአንድ ድርጅት የስብሰባ ክፍልም ይበቃል። ውጭ አገር ላሉ ወገኖች ደግሞ ነገሩ ይቀላል። ለምሳሌ ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ለሚሠሩ፣ የአካባቢው የፒኤምአይ ቻፕተር ከትልልቆቹ አንዱ ነው፤ በየወሩ የሚሄዱበት ቦታ አለ። ሄደው ኋላ ወንበር ላይ ከመቀመጥ ግን ሦስት አራት ጊዜ ተከታትለው ቢሄዱና የራሳቸውን ጉዳይ ይዘው ቢቀርቡ ይሻላል።

እዚህ ለመጀመር ለሚፈልግ ከለንደኑ የተማርኩትን በግልጽ ልናገር። ሰው አታብዙ፣ አሥር አሥራ ሁለት ይበቃል። ከአንድ ዘርፍ ብቻም አትሰብስቡ፤ የሳይት መሐንዲስ፣ የሶፍትዌር ማናጀርና የኤንጂኦ ፕሮግራም ኃላፊ አንድ ላይ ሲቀመጡ የማይጠበቅ ጥያቄ ይመጣል። ስላይድ ይቅር። አንድ ሰው አሁን በእጁ ያለ፣ ገና ያልተፈታ ችግር ይዞ ይምጣ። ያለፈ የስኬት ታሪክ አይደለም፣ እሱ ለቃለ መጠይቅ ይሆናል። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ሌሎቹ መጠየቅ እንጂ መምከር አይፈቀድላቸው። ይህ ለእኛ ከባድ ነው፤ እኛ ችግር ስንሰማ ምክር ቶሎ ይመጣልናል። ግን ሰባት ስምንት ጥያቄ ከተጠየቀ በኋላ ችግሩ መጀመሪያ የተነገረው እንዳልሆነ ብዙ ጊዜ ይታወቃል። ከዚያ ምክሩ ይምጣ።

የደንበኛ ስም፣ የውል ዋጋና የጨረታ መረጃ አይነሳ። አሠራር እንጂ ሚስጥር እንደማይወራ መጀመሪያውኑ ከተስማማችሁ ቀጣሪዎችም አይሰጉም። በሚቀጥለው ስብሰባ መጀመሪያ የሚናገረው ያው ባለጉዳይ ይሁን፦ የትኛውን ምክር ሞከረ፣ ምን ሆነ? ባይሞክርም ለምን እንዳልሞከረ ይናገር፣ እሱም ትምህርት ነው።

ቀጣሪዎችም የሚያዋጡት አለ። ከሥራ ሰዓት ላይ በወር ሁለት ሰዓት ስጡ። ሠራተኛችሁ ሲመለስ አንድ ገጽ ጽፎ ለቡድኑ ያንብብ፣ ከሰማው ውስጥም አንዱን በያዘው ፕሮጀክት ላይ ለሁለት ሳምንት ይሞክር። የገንዘብ ያዧን ካርድ ዓይነት ትንሽ ነገር ቢሆን ይመረጣል፤ ቢከሽፍ ብዙ አይጎዳም፣ ቢሠራ ግን በሚቀጥለው የፍላጎት ማሰባሰቢያ ላይ ወዲያው ይታያል። ቀኑን ደግሞ አትቀያይሩት። የወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ከተባለ ሁለት ሰው ብቻ ቢመጣም ያው ቅዳሜ ይሁን።